የኖተር ልጆች

ኤሚ ኖተር (1882–1935) በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኘው ብሪን ማር ኮሌጅ ሒሳብ ያስተማረች ምሁር ናት። በዘመናዊ አልጀብራና በፊዚክስ ያበረከተችው ሥራ በሳይንስ ታሪክ ትልቅ ቦታ አሰጥቷታል። የሚያውቋት ሰዎች ግን ከሞተች በኋላ በጻፉትና በተናገሩት ሁሉ ከግኝቶቿ እኩል፣ አንዳንዴም ከግኝቶቿ አስቀድመው፣ የሚያነሱት ተማሪዎቿን እንዴት ትይዝ እንደነበር ነው። ጊዜዋንና ቤቷን ትሰጣቸው ነበር። ለአንድ ተመራማሪ ከሁሉ የሚሳሳለትን፣ ገና ያልታተመ ሐሳቧንም አትነፍጋቸውም ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገችው ደግሞ ከሥራ ዘመኗ ግማሽ የሚያህለውን ያለ ደመወዝ፣ ቀሪውንም በአነስተኛ ክፍያ እየሠራች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖተር የተወለደችው በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ ኤርላንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ነው። አባቷ ማክስ ኖተር በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ ፍሪትስም የአባቱን ሙያ ወርሷል። ለሴት ልጅ የተጠረገው መንገድ ግን ሌላ ነበር። በ1900 በሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለማስተማር የሚያበቃውን የመንግሥት ፈተና አለፈች፤ ሥራውን ግን አልጀመረችውም። ሒሳብ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ገባች ይባል እንጂ በጊዜው ሴት በመደበኛ ተማሪነት ስለማትመዘገብ፣ የየመምህሩን ፈቃድ እየጠየቀች ከማዳመጥ ያለፈ መብት አልነበራትም። ኤርላንገን ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1904 ነው። በ1907 በፓውል ጎርዳን አማካሪነት የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች። የመመረቂያ ጽሑፏ ከሦስት መቶ በላይ ውስብስብ የአልጀብራ መግለጫዎችን አንድ በአንድ አስልቶ የዘረዘረ ነበር። እሷ ራሷ በኋላ ዘመን ይህን ሥራ ሲያነሱባት አጣጥላ ነበር የምትናገረው፤ ሒሳብን ከስሌት ክምር አውጥቶ ወደ ሐሳብ ያሻገረችው ሰው በስሌት ክምር መመረቋ ሳያስገርማት አልቀረም።

ቀጥሎ ባሉት ሰባት ዓመታት በኤርላንገን ያለ ማዕረግና ያለ ደመወዝ ሠራች። አባቷ ሲታመም በእሱ ፈንታ ክፍል ገብታ ታስተምር ነበር። በ1915 በዘመኑ የዓለም የሒሳብ መዲና ከነበረችው ከጎቲንገን ጥሪ መጣላት። የጠሯት የሒሳብ ሊቃውንቱ ዳቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን ናቸው። አልበርት አይንስታይን ያን ጊዜ የሪላቲቪቲ ንድፈ ሐሳቡን በማጠናቀቅ ላይ ነበርና፣ በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ኢነርጂ የሚጠበቅበት ሕግ እንዴት እንደሚገለጽ ሁለቱን አስቸግሯቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሒሳብ ከማንም በላይ የምታውቀው ኖተር ነበረች።

በዚያን ዘመን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር ከዶክትሬት በኋላ ሌላ የማስተማር ፈቃድ ማግኘት ግድ ነበር። የኖተር ማመልከቻ ሲቀርብ የሒሳብና የሳይንስ ሰዎች አብዛኛዎቹ ደገፏት፤ በዚያው ፋኩልቲ ውስጥ የነበሩ የታሪክና የቋንቋ ፕሮፌሰሮች ግን ተቃወሙ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና፣ ጦርነት ላይ ያሉት ወጣቶች ነገ ሲመለሱ ከሴት እግር ሥር ተቀምጠው ሊማሩ ነው ወይ የሚል ነበር ክርክሩ። ሂልበርት በንዴት ይህ ዩኒቨርሲቲ እንጂ የገላ መታጠቢያ ቤት አይደለም ብሎ መለሰ ይባላል። መልሱ ዝነኛ ሆነ እንጂ ፈቃዱን አላስገኘም። ስለዚህ መላ ተፈለገ፦ ትምህርቱ በሂልበርት ስም ይለጠፋል፣ ዶክተር ኖተር በረዳትነት ትጠቀሳለች፣ ክፍል ገብታ የምታስተምረው ግን እሷ ናት። አራት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ዘለቀች።

በእነዚሁ ዓመታት ነው የፊዚክስ ሊቃውንት ዛሬም በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ቲዎረም ያገኘችው። በ1918 የታተመው ይህ ግኝት ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን ያገናኛል፤ አንደኛው ሲሜትሪ ነው፣ ሌላው በተፈጥሮ ውስጥ የማይጠፉና የማይጨመሩ መጠኖች ናቸው። የተፈጥሮ ሕግ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ከሆነ የግድ ኢነርጂ ይጠበቃል። እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት ከሆነ ሞመንተም ይጠበቃል። ዞረው በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ የሽክርክሪት ሞመንተም ይጠበቃል። ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለምን አይጠፋም ለሚለው ጥልቁ መልስ የኖተር ነው። ጽሑፉን ለጎቲንገን የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው ክላይን ነበር፤ ኖተር የማኅበሩ አባል አልነበረችምና።

ጦርነቱ አብቅቶ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ከወረደና ሴቶች የመምረጥ መብት ካገኙ በኋላ፣ በ1919 የማስተማር ፈቃዱ ተሰጣት። በ1922 ደመወዝ የሌለው የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተጨመረላት። በዓመቱ አልጀብራ እንድታስተምር የተሰጣት ኮንትራት አነስተኛ ክፍያ አስከተለ። እስከ መጨረሻው ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ አልሆነችም፤ ጡረታም አልነበራትም። ሄርማን ቫይል የሂልበርትን ወንበር ተረክቦ በ1930 ጎቲንገን ሲመጣ፣ በብዙ ነገር የምትበልጠውን ሰው በማዕረግና በደመወዝ በልጦ መቀመጡ እንዳሳፈረው በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ሊያሻሽልላት ሞክሮ ነበር፤ ወግም ጥላቻም ከለከሉት።

ተማሪዎች ወደ እሷ መጉረፍ የጀመሩት ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ አልጀብራ ካዞረች በኋላ ነው። እስከዚያ ዘመን አልጀብራ በዋናነት እኩልታዎችን መፍታት ነበር። ኖተር የጠየቀችው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቁጥርም ይሁኑ ሌላ፣ ሊደመሩና ሊባዙ የሚችሉ ነገሮች ሁሉ የሚጋሩት ሥርዓት ምንድን ነው? በ1921 ባሳተመችው ጽሑፍ አንድ ቀላል ሁኔታ ብቻ ይዛ ተነሳች። በአንዱ ውስጥ ሌላው እየተካተተ፣ እየሰፉ የሚሄዱ የተወሰነ ዓይነት ስብስቦች ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት አለች። ከዚህች አንዲት ሁኔታ ብቻ፣ ቀደም ሲል በረጃጅም ስሌት በየፊናቸው የተረጋገጡ በርካታ ውጤቶች በጥቂት መስመር ወጡ። ይህን ሁኔታ የሚያሟሉ የአልጀብራ መዋቅሮች ዛሬ በዓለም ዙሪያ በእሷ ስም ኖተራዊ ይባላሉ።

በተለመደው መለኪያ ጥሩ ሌክቸረር አልነበረችም፤ ይህን የሚወዷት ሁሉ የሚስማሙበት ነው። በዛሬው የመምህራን መመዘኛ ቅጽ ብትመዘን ውጤቷ ዝቅ ያለ በሆነ ነበር። የተዘጋጀ ማስታወሻ ይዛ አትገባም። በፍጥነት ትናገራለች፣ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ወደ ሌላው ትዘልላለች፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ተማሪ ሳይገለብጥ ታጠፋለች። ማስረጃው ባሰበችው መንገድ አልሄድ ሲላት እዚያው ክፍል ውስጥ ትናደድና እንደገና ትጀምራለች። ለአንድ ቀን ሊሰማ የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ግማሽ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። የቀሩት ግን በየትኛውም ክፍል የማይገኝ ነገር ያዩ ነበር፤ ያለቀለትን ሒሳብ ሲነበብላቸው ሳይሆን፣ ሒሳብ ገና ሲፈጠር። ጥያቄ የጠየቃት ተማሪ እንደ እኩያ መልስ ያገኛል፤ ስትሳሳት ያረማት ተማሪም አይፈራም። ዩኒቨርሲቲው በበዓል ምክንያት ተዘግቶ ባገኘችው አንድ ቀን ተማሪዎቿን ከደረጃው ላይ ሰብስባ፣ በጫካው አቋርጣ ወደ አንድ ቡና ቤት ወስዳ ትምህርቱን እዚያው እንደቀጠለች ይነገራል።

ከክፍል ውጭ ያለው ትምህርት ከክፍሉ ይበልጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪዎቿ፣ ጎቲንገን ውስጥ የኖተር ልጆች ተብለው የሚታወቁት፣ ከኋላዋ ተከትለዋት ከከተማው ዙሪያ ባሉ ጫካዎችና ኮረብቶች እየተንሸራሸሩ ስለ ሒሳብ ያወሩ ነበር። በዝናብ ቀን ወደ ጣሪያ ሥር መኖሪያዋ ይወጣሉ፤ እሷም ዝነኛ የነበረውን ፑዲንጓን ሠርታ ታቀርብላቸዋለች፣ ክርክሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀጥላል። ላይነ ወንዝ ወዳለው የወንዶች መዋኛ እንኳ እየሄደች ትዋኝ ነበር። ለራሷ የምታወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ልብሷና ቤቷ ብዙም አያሳስቧትም።

ሐሳብ አሰጣጧን በተመለከተ የሚነገረው ሁሉ ያስደንቃል። በ1924 ከአምስተርዳም የመጣው ወጣት ቫን ደር ቫርደን አንድ ጥሩ ውጤት አግኝቶ ጽሑፉን ሰጣት። እሷም ማቴማቲሸ አናለን በተባለው ታላቅ መጽሔት እንዲታተም አደረገች። ያልነገረችው ነገር ግን ነበር፦ ያንኑ ሐሳብ እሷ ራሷ ቀደም ብላ አግኝታ በክፍል አስተምራዋለች። ቫን ደር ቫርደን ይህን ያወቀው ከጊዜ በኋላ፣ ሃይንሪሽ ግሬል ከተባለው ሌላ ተማሪዋ ነው። ይኸው ሰው በ1930 እና በ1931 በሁለት ቅጽ ያሳተመው የዘመናዊ አልጀብራ መማሪያ መጽሐፍ ትምህርቱን በዓለም ሁሉ ቀየረ። የመጽሐፉ መሠረት የእሷና የኤሚል አርቲን ሌክቸሮች እንደሆኑ ርዕስ ገጹ ላይ ጽፎታል። ለራሷ መጽሐፍ አልጻፈችም፤ ለተማሪዋ መጽሐፍ የሚሆነውን ስታስተምር ከረመች።

የቅርጾችን ባሕርይ ከሚያጠናው ከቶፖሎጂ ጋር የተያያዘውም እንዲሁ ነው። የሞስኮው የሒሳብ ሊቅ ፓቬል አሌክሳንድሮቭ በየበጋው ወደ ጎቲንገን እየመጣ ከእሷ ጋር ይወያይ ነበር። የቅርጾችን ቀዳዳና ትስስር ለመለካት እስከዚያ ጊዜ ቁጥሮች ብቻ ይጻፉ ነበር። ኖተር ቁጥሮቹን ትታችሁ ከበስተጀርባቸው ያለውን፣ ግሩፕ የሚባለውን የአልጀብራ መዋቅር ተመልከቱ አለቻቸው። አሌክሳንድሮቭና ሄይንስ ሆፕፍ ይህን ተቀብለው ሠሩበት፤ የዘርፉ መልክ ተለወጠ። እሷ ራሷ በጉዳዩ ላይ ያሳተመችው አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው። ማቴማቲሸ አናለን ላይ ለዓመታት ጽሑፍ ስትመረምርና ስታርም ኖራ፣ ስሟ በአዘጋጆቹ ዝርዝር ውስጥ አንድም ጊዜ አልታየም። ይህኛው ግን የእሷ ልግስና ብቻ አይደለም፤ ሌሎች የነፈጓትም ነው፣ እሷም እንደተሰማት ታውቋል።

ተማሪዎቿ የአንድ አገር ሰዎች አልነበሩም። በጎቲንገን በእሷ አማካሪነት ከተመረቁት የመጀመሪያዋ ግሬተ ሄርማን ነበረች፤ በ1926 የታተመው መመረቂያዋ ኮምፒውተር ሳይኖር በእርምጃ ብዛት የሚለካ ስሌትን ያጠና ነው። ሄርማን ተመርቃ ወደ ፍልስፍና ስትዞር ኖተር አራት ዓመት ሒሳብ ተምራ ልቧ ፍልስፍና ሆኖ ተገኘ ብላ ተሳለቀችባት ይባላል። ማክስ ዶይሪንግ ከተማሪዎቿ ሁሉ ጎበዝ ተብሎ ይታሰብ ነበር። በዩክሬን ተወልዶ በፍልስጤም ያደገው ያኮብ ሌቪትስኪ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ቻይናዊው ትሴን ጎቲንገን ሳለ ያረጋገጠው ቲዎረም ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከሒሳብ ሊቁ ሄልሙት ሃሰ ጋር የተጻጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በ2006 በመጽሐፍ ወጥተዋል። በገጾቹ መካከል ከቀመሮቹ ጎን ለጎን የሚመላለሰው፣ የትኛው ተማሪ የት ሥራ ያገኛል፣ የማን ጽሑፍ መቼ ይታተማል የሚል የመምህር ጭንቀት ነው።

1932 የክብር ዓመቷ ነበር። ከአርቲን ጋር በጋራ የአከርማን–ቶይብነር ሽልማትን አገኘች። ሴፕቴምበር ላይ ዙሪክ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ለመላው ተሳታፊ ንግግር እንድታደርግ ተጋበዘች፤ በጉባኤው ታሪክ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሰባት ወር ሳይሞላ ሂትለር ሥልጣን ይዞ፣ አይሁዳውያንን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣው ሕግ በ7 ኤፕሪል 1933 ታወጀ። በዚያው ወር መጨረሻ ከታገዱት የጎቲንገን መምህራን መካከል ኖተር አንዷ ሆነች። ሃሰ ከልዩ ልዩ አገሮች ሊቃውንት የድጋፍ ደብዳቤ አሰባስቦ ለሚኒስቴሩ ላከ፤ ሰሚ አልተገኘም።

ያን ሰሞን ያደረገችው ነገር በወዳጆቿ ልብ ውስጥ ቀርቷል። ለሃሰ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ነገሩ ከእሷ ይልቅ ሌሎችን እንደሚጎዳ፣ እሷ ትንሽ ውርስ ስላላት ለጊዜው ልትጠብቅ እንደምትችል ገልጻለች። ክፍል መግባት ስለተከለከለች ተማሪዎቿን ቤቷ ጠራች፤ ሴሚናሩ በመኖሪያዋ ቀጠለ። ከተማሪዎቿ አንዱ የናዚ ሚሊሺያ ዩኒፎርም ለብሶ ሲመጣ እንኳ አላባረረችውም፤ በኋላ እንዲያውም ስቃበታለች ይባላል። ይህን የዋህነት ነው የሚሉ አሉ፣ ታላቅነት ነው የሚሉም አሉ። ቫይል በዚያ የጥላቻ በጋ የእሷ አለመጨነቅና ይቅር ባይነት ለእነሱ ማጽናኛ እንደነበር መስክሯል፤ ከዓይን ምስክር በተሻለ የሚናገር የለም።

በ1933 መገባደጃ በሮክፌለር ፋውንዴሽንና የተባረሩ የጀርመን ምሁራንን በሚረዳ ኮሚቴ ድጋፍ ወደ አሜሪካ ሄደች። ብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ አና ፔል ዊለር ራሷ በወጣትነቷ ጎቲንገን የተማረች ናት፤ የመጣችው ማን እንደሆነች በደንብ ታውቃለች። ኖተር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሴት የሙያ አጋሮችና ከሴት ተማሪዎች መካከል ገባች። ከእነዚህ ውስጥ ሩት ስታፈር የዶክትሬት ተማሪዋ ነበረች፤ ኦስትሪያዊቷ ኦልጋ ታውስኪም ለአንድ ዓመት በኮሌጁ ቆይታለች። የቫን ደር ቫርደንን መጽሐፍ በጀርመንኛው አብረው ያነቡ ነበር። የጎቲንገኑ ሽርሽርም ውቅያኖስ ተሻገረ። ወሬው ሲሞቅ ሳታስበው ወደ ጀርመንኛ ትገባና መንገድ መሐል ትቆማለች፤ ተማሪዎቿ መኪና እንዳይገጫት ይጠብቋት እንደነበር አስታውሰዋል። በ1934 መጀመሪያ ደግሞ በየሳምንቱ ፕሪንስተን እየሄደች በከፍተኛ ጥናት ተቋም ማስተማር ጀመረች። ተቋሙ ተቀበላት፤ ያን ጊዜ ሴት የማይቀበለውን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ግን እንደማይፈልጋት እያወቀች ታልፈው ነበር።

በ1934 በጋ ወደ ጀርመን ተመልሳ ዕቃዋን አስጭና ተሰናበተች። በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 10 ቀን፣ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነግራ፣ ዕጢ ለማስወጣት ቀዶ ሕክምና አደረገች። ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ሲመስል በአራተኛው ቀን በድንገት ትኩሳቷ ናረና ኤፕሪል 14 ቀን 1935 አረፈች። 53 ዓመቷ ነበር። አመዷ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መተላለፊያ ሥር ተቀብሯል።

ከሞቷ በኋላ የመጡት መታሰቢያዎች ከአራት አቅጣጫ ናቸው። ኤፕሪል 26 ቀን ቫይል በብሪን ማር ረጅም ንግግር አደረገ። በሜይ ወር በአይንስታይን ስም በኒው ዮርክ ታይምስ የወጣ ደብዳቤ የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት የፈጠራ ባለቤቶች ሁሉ የላቀች የሒሳብ ሊቅ ናት አለ። አሌክሳንድሮቭ በሴፕቴምበር በሞስኮ የሒሳብ ማኅበር ስለ እሷ ተናገረ። ቫን ደር ቫርደን ደግሞ የናዚ አገዛዝ በተንሰራፋበት ጀርመን፣ በዚያው በማቴማቲሸ አናለን፣ ስለ አንዲት አይሁዳዊት መምህርቱ የአድናቆት ጽሑፍ አሳተመ፤ ይህ በዚያን ጊዜ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ወንዶች ሁሉ ስለ ቁመናዋ፣ ስለ ድምጿና ስለ ልብሷ አንዳንድ ነገር ሳይሉ ማለፍ አልቻሉም፤ ስለ ሂልበርት ባርኔጣ ግን ማንም በመታሰቢያ ላይ እንዲህ አያወራም። ቫይል ከዚህ ጋር ተማሪዎቿን እንደ እናት ትንከባከብ እንደነበር ያነሳል። ቃሉ ፍቅሩን ያሳያል፤ ሆኖም ተማሪዎቿ ያገኙት ከእናት የሚገኘውን ብቻ አይደለም፣ ከማንም ሊገኝ የማይችል የሒሳብ አቅጣጫም ነበር።

ከኖተር ሞት በኋላ የስታፈርን መመረቂያ መርምሮ ያጠናቀቀላት የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ብራወር ነው። በኖተር የማስተማር ቦታ ለአንድ ዓመት የተተካው ወጣቱ ናታን ጃኮብሰን፣ በ1983 የኖተርን ሙሉ የታተሙ ሥራዎች በአንድ ጥራዝ አሰባስቦ አወጣ። ትሴን ወደ ቻይና ተመልሶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሞተ። ወንድሟ ፍሪትስ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተሰዶ ቶምስክ ላይ ሲያስተምር በ1937 ታሠረ፤ በ1941 በጥይት ተገደለ። በትውልድ ከተማዋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስሟን ይዟል። የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽንም ወጣት ተመራማሪዎች የራሳቸውን የምርምር ቡድን መምራት እንዲችሉ ደመወዝና ገንዘብ የሚሰጥበትን መርሐ ግብር በኤሚ ኖተር ስም ሰይሞ ያካሂዳል።